ጎመን በጤና፦ በዚህ ወቅት በደጃችሁ አትክልት ስትተክሉ ልታውቁት የሚገባ

 

ክረምቱ አልፎ አደይ አበባ ፈነዳ፣ ፀሐይም ወጣች። በሀገራችን አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታህሳስ 25 ያለው ጊዜ መጸው ይባላል፤ ብዙዎቻችን ግን በተለምዶ ፀደይ እንለዋለን። ስሙ ምንም ይሁን፣ እንደ አዲስ አበባ ባሉ ከተሞች በትንሽ ቦታ አትክልት መትከል ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ጊዜ ነው። አፈሩ ገና እርጥብ ነው፣ ችግኝ የሚያበሰብሰው ከባድ ዝናብም እየቀነሰ ነው።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለዚሁ ናቸው። "ዶክተር፣ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ጎመን ይበቅላል ወይ?"፣ "ደም ማነስ አለብሽ ተብያለሁ፣ ምን ብተክል ይጠቅመኛል?"፣ "ሰላጣ በኮምጣጤ ከታጠበ ይበቃል?" ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላልቻልኩ ሁሉንም በአንድ ትምህርት አጠቃልዬ መጥቻለሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ ቁጭ በሉ። (ሻዩን ግን ከምግብ ጋር አትጠጡት፣ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።)

ከሁሉም በፊት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

📌 "ከኬሚካል የጸዳ ጎመን ላበላው ብዬ እኮ ነው"

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ አንድ ምሽት ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነበርኩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ አንዲት እናት የ3 ዓመት ልጇን ታቅፋ እየሮጠች ገባች፤ አያቱም ከኋላ ይከተላሉ። የልጁ አፍ በምራቅና በአረፋ ተሞልቷል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ላቡ ይንጠባጠባል፣ ደረቱ ሲተነፍስ ያንኮራኩራል። አያቱ "የሚጥል በሽታ መስሎን ነበር፤ ወተትም አጠጥተነዋል" አሉ። የዓይኑን ብሌን በባትሪ ሳየው እንደ መርፌ ጫፍ ጠብቧል። ልብሱ ላይ ደግሞ የሚሰነፍጥ ሽታ አለ።

"ቤት ውስጥ የተባይ መድኃኒት አለ?" ብዬ ጠየቅኩ።

እናትየው ደነገጠች። በረንዳ ላይ የተከለችው ጎመን ክሽክሽ ወርሮት ነበር። ከአንድ ሱቅ በውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ የሚሸጥ "የጎመን መድኃኒት" ገዝታ ረጨች፣ የተረፈውን ደግሞ ከእቃ ማጠቢያው ስር አስቀመጠችው። ልጁ ምን ያውቃል? ለእሱ በሃይላንድ ያለ ነገር ሁሉ ውሃ ነው። ጠማው፣ ጠጣው።

ልብሱን አውልቀን ገላውን አጠብነው፣ ኦክስጅን አደረግንለት፣ አትሮፒን የተባለውን ማርከሻ ሌሊቱን ሙሉ እየደጋገምን ሰጠነው። ከ5 ቀን በኋላ በእግሩ ሄዶ ወጣ። ቶሎ ስለደረሰ ተረፈ፤ ሁሉም ግን በሰዓቱ አይደርስም።

ሲወጡ እናትየው ያለችኝ እስከዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። "ዶክተር፣ የገበያው ጎመን በቆሻሻ ውሃ ነው የሚያድገው ሲባል ሰምቼ፣ ከኬሚካል የጸዳ ጎመን ላበላው ብዬ እኮ ነው የተከልኩት።"

(ታሪኩን ለትምህርት እንድጠቀምበት ፈቅዳልኛለች፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር አላካተትኩም።)

አባቶቻችን "ጎመን በጤና" ይላሉ። ጎመኑን ሁላችንም እናስታውሳለን፣ "በጤና" የምትለውን ግን እንረሳታለን። የዛሬው መልእክቴም አንድ ነው፦ የጓሮ አትክልት ለቤተሰባችሁ ጤና የሚሆነው ዕቃው፣ አፈሩ፣ ውሃውና ተባይ የምትከላከሉበት መንገድ ጤናማ ሲሆን ነው። ተክሉ! ግን እንዲህ አድርጋችሁ ተክሉ።

1. ለመሆኑ ምን ይጠቅመናል?

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። ድንችና ስኳር ድንች እዚህ ውስጥ አይቆጠሩም። አሁን ትናንት የበላችሁትን አስታውሱ፤ ብዙዎቻችን ወደዚህ አንጠጋም።

እንደ ጎመንና ቆስጣ ያሉ አረንጓዴ ቅጠሎች ፎሌት፣ ቫይታሚን ኤ፣ ቫይታሚን ሲ እና አሰር ይሰጡናል። አሰሩ የሆድ ድርቀትን ይቀንሳል፣ ከምግብ በኋላ ስኳር በአንዴ እንዳይወጣም ያግዛል። ፎሌት ደግሞ ለደም ሴሎችና ለጽንስ እድገት አስፈላጊ ነው።

እዚህ ላይ ለማርገዝ የምታስቡ እህቶች ልብ በሉ። የጽንሱ የአንጎልና የአከርካሪ መሠረት የሚዘጋው ከተጸነሰ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 28 ቀናት ውስጥ ነው፤ ማለትም ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ። ስለዚህ ጎመኑ ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም። ለማርገዝ ካሰባችሁበት ጊዜ ጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት በቀን 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ መውሰድ ይመከራል። ጤና ባለሙያ አማክሩ። በተለይ ከዚህ በፊት የነርቭ ዘንግ ችግር ያለበት ልጅ የወለደች፣ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ እናት ከዚህ ከፍ ያለ መጠን ሊያስፈልጋት ስለሚችል ከእርግዝናው በፊት ሐኪም ታማክር።

ሌላው ጥቅም እንቅስቃሴው ነው። ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመከራል። መቆፈር፣ አፈር መሸከም፣ ውሃ ማመላለስ ሁሉ ይቆጠራል። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ለምትቀመጡ ሰዎች ጂም ካልተመቻችሁ ይኼው!

እውነቱን ለመናገር ከአንድ በረንዳ የቤተሰቡ የቀን ፍጆታ ሙሉ በሙሉ አይገኝም። ግን ቅጠሉ ደጃችሁ ካለ ማዕድ ላይ ይመጣል። ልጆችም ራሳቸው ውሃ ያጠጡትን ጎመን ቢያንስ ለመቅመስ እምቢ አይሉም።

2. ቦታና ዕቃ

ቅጠላ ቅጠል በቀን ከ4 እስከ 5 ሰዓት ፀሐይ ካገኘ ይበቃዋል። ቲማቲምና ቃሪያ ግን 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ከመትከላችሁ በፊት አንድ ቀን በረንዳችሁን ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት እያያችሁ ፀሐዩ የት እንደሚያርፍ አጣሩ።

ለጎመን፣ ለቆስጣና ለሰላጣ አንድ ስንዝር ያህል ጥልቀት ያለው ዕቃ በቂ ነው። ለካሮት 30 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል። የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ የዱቄት ከረጢት፣ የተሰነጠቀ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሁሉም ይሆናል። ከስር ውሃ የሚያወጡ 4 ወይም 5 ቀዳዳዎች ብሱ።

የማይሆነው ምንድነው? የቀለም ባልዲ፣ የተቃጠለ ዘይት ወይም የኬሚካል በርሜል፣ የመኪና ባትሪ ሳጥን። በባትሪና በአንዳንድ ቀለሞች ውስጥ ሊድ ወይም እርሳስ የተባለው ብረት አለ። ሊድ ወደ አፈሩ ይገባል፣ ቅጠሉ ላይ ይጣበቃል፣ የህጻናትን አንጎል ይጎዳል። የሚያስቸግረው ደግሞ መጀመሪያ ላይ ምንም ምልክት ላያሳይ መቻሉ ነው።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ በእርጥብ አፈር የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከበረንዳው ብረት ውጪ አታንጠልጥሉት፣ ከስር ሰው ያልፋል። ሁለተኛ፣ ትንሽ ልጅ ካላችሁ ዕቃውን ከብረቱ ስር አታስጠጉት። ልጆች መወጣጫ ያደርጉታል። ከፎቅ የወደቁ ህጻናትን ድንገተኛ ክፍል ስላየሁ ነው የምለምናችሁ።

3. አፈርና ብስባሽ

ቀላሉ ቅይጥ ይህ ነው፦ 2 እጅ ጥሩ አፈር፣ 1 እጅ የበሰለ ብስባሽ ወይም ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ። አፈሩን ከጋራዥ አካባቢ፣ ከመንገድ ዳር ወይም ከቆሻሻ መጣያ አታምጡ።

ብስባሹን ከወጥ ቤት ማዘጋጀት ይቻላል። የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፣ ደረቅ ቅጠልና ቀለም የሌለው ካርቶን በባልዲ ውስጥ ደርድሩ። እርጥቡን በደረቁ እያፈራረቃችሁ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ አገላብጡት። ከ2 እስከ 3 ወር ገደማ ጠቁሮ የጫካ አፈር ሲሸት ደርሷል ማለት ነው። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት የነካው ምግብ አይጥ ስለሚጠራ አይጨመር። በዚህ መንገድ ከቤት የሚወጣው ቆሻሻም በደንብ ይቀንሳል፣ የቆሻሻ ገንዳውም አይሸትም።

የከብት ፋንድያና የዶሮ ኩስ ለአትክልት ጥሩ ናቸው፤ ትኩሱን ግን በፍጹም! ትኩስ ፍግ ውስጥ ተቅማጥ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች አሉ። ጥሬውን የሚበላ ነገር (ሰላጣ፣ ካሮት) የምትተክሉ ከሆነ ፍጉ አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ እስከ መሰብሰቢያው ቢያንስ 4 ወር ይለፈው። የውሻ፣ የድመትና የሰው ዓይነ ምድር ደግሞ ቢበሰብስም አትጠቀሙ፤ የአንጀት ትላትሎች እንቁላል አፈር ውስጥ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል።

4. ውሃ

የከተማችን ወንዞች የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ይገባባቸዋል። በአቃቂ ወንዝ ዳርቻ ብዙ አትክልት እንደሚለማም የታወቀ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ችግር አለ፣ ለይተን እንያቸው።

የመጀመሪያው ጀርም ነው፦ ታይፎይድ፣ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ወስፋት። ይኼ በደንብ ሲበስል ይሞታል። ሁለተኛው እንደ ሊድና ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች ናቸው። እነዚህ ሥር አልፈው ቅጠሉ ውስጥ ስለሚገቡ ብታጥቡት፣ ብትቀቅሉትም አይወጡም። ለዚህ ነው የራሳችንን የምንተክል ከሆነ የወንዝ ወይም የቱቦ ፍሳሽ በጭራሽ የማንጠቀመው።

ታዲያ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ምን እናድርግ? አትክልት፣ ሩዝና ምስር ያጠባችሁበትን ውሃ አትድፉት፣ ለተክሉ በቂ ነው። ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃም ይሆናል። በረኪና ወይም ብዙ ሳሙና ያለበት ውሃ ግን ለሚበላ ተክል አይሁን። ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ እርጥብ ከሆነ አትጨምሩ። ጠዋት፣ ሥሩ ላይ አጠጡ።

⚠️ ሮቶውን፣ በርሜሉንና ባልዲውን ግጥም አድርጋችሁ ክደኑ። አሮጌ ጎማ ውስጥ ውሃ አይጠራቀም። የወባ ትንኝ ረግረግ ብቻ ይወዳል የምንለው አሁን ተለውጧል። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው ትንኝ በከተማ ውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ የምትራባ ሲሆን፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ጋር ተያይዛለች። ዴንጊ የምታስተላልፈዋ ትንኝም እንዲሁ የቤት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ ትወዳለች። ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ ሐዋሳና ሌሎችም ሞቃት ከተሞች ያላችሁ ክዳን የሌለውን ዕቃ ቢያንስ በየሳምንቱ ደፍታችሁ ፈትጉት።

5. ምን ልትከል? መቼስ ይደርሳል?

ለጀማሪ ከ3 ዓይነት በላይ አልመክርም። እነዚህን እዩ፦

👉 ቆስጣ፦ ከ50 እስከ 60 ቀን ገደማ ይደርሳል። የውጪውን ቅጠል እየቆረጣችሁ መሃሉን ከተዋችሁት ደጋግሞ ይሰጣል። መስከረም መጨረሻ ላይ የዘራ ሰው ህዳር 15 ቀን በሚገባው የነቢያት ጾም ወቅት ከደጁ ይቆርጣል!

👉 የሐበሻ ጎመን፦ ጠንካራ ነው፣ ብርድም ይችላል። በችግኝም በዘርም ይሆናል።

👉 ሰላጣ፦ ከ45 እስከ 60 ቀን። ጥላ ትንሽ ቢነካውም ችግር የለም።

👉 ካሮት፦ ዘሩን እዚያው ዕቃ ላይ ዝሩት፣ ችግኙ ቢዛወር ሥሩ ይጣመማል። ወደ 3 ወር ይፈጃል።

👉 ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠል፦ ትንሽ ቦታ ይበቃቸዋል። ወጡ በእነሱ ሲጣፍጥ ጨው መቀነስ ይቀላል፣ ይኼ ደግሞ ግፊት ላለበት ሰው ትልቅ ነገር ነው።

አዲስ አበባ ላይ ቲማቲም ለጀማሪ ይከብዳል። የጥቅምትና የህዳር ሌሊት ብርድና ውርጭ ይመታዋል። ከሞከራችሁ ግድግዳ ተጠግታችሁ ሌሊት ሸፍኑት። "በጥቅምት አንድ አጥንት" ይባል የለ? እኔ ደግሞ ከአጥንቱ ጎን አንድ ጭልፋ ጎመን እላለሁ።

6. ተባይ ሲመጣ

ክሽክሽ መምጣቱ አይቀርም። ክሽክሽ ያለበት ጎመን ሰው አይገድልም፤ በሃይላንድ የተቀዳ መርዝ ግን ይገድላል። ይህን ቅደም ተከተል ያዙ፦

👉 በየ2 ቀኑ የቅጠሉን ጀርባ ገልብጣችሁ እዩ። ትንሽ ከሆነ በእጃችሁ ጨፍልቁት ወይም በውሃ አጥባችሁ አውርዱት። ትሉን ጠዋት በእጅ ልቀሙት።

👉 ካልጠፋ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ቀላቅላችሁ አመሻሽ ላይ የቅጠሉን ጀርባ ርጩት። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩ። ጠዋት በንጹህ ውሃ አለቅልቁት። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠሉን ስለሚያቃጥል አይሁን።

👉 የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ በውሃ ዘፍዝፎ አጥልሎ መርጨትም ይረዳል። ስትረጩ ዓይናችሁን ጠብቁ።

👉 በጣም የተወረረውን ተክል ነቅላችሁ ጣሉት። አንድ ችግኝ ነው፣ አታልቅሱለት።

ቤት ውስጥ ለሚበላ ትንሽ ጎመን የተባይ ኬሚካል አያስፈልግም፤ እንደ ሐኪም ምክሬ አትግዙ ነው። ማላታዮን፣ ዲያዚኖንና መሰሎቻቸው በአፍ ብቻ ሳይሆን በቆዳና በትንፋሽም ይገባሉ። ከተረጨ በኋላ ሳይበላ መቆየት ያለበት ቀን አለ፤ ያ የሚጻፈው በዋናው ማሸጊያ ላይ ስለሆነ ተቀድቶ የተሸጠላችሁ ሰው አታውቁትም። ለእህል ነቀዝ የሚሸጠው ክኒን ደግሞ እርጥበት ሲነካው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፣ ማርከሻም የለውም። ቤታችሁ አይግባ።

አሁኑኑ ስልኩን አስቀምጡና ከማጠቢያው ስር ያለውን እዩ። በረኪና፣ ላምባ፣ የተባይ መድኃኒት በውሃ ወይም በለስላሳ ፕላስቲክ ተቀድቶ አለ? በዋናው ዕቃው፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ። ጓሮ ውስጥ ጉሎ ካለም የፍሬው ውስጥ ከባድ መርዝ ስላለው ልጆች እንዳያኝኩት ተጠንቀቁ።

7. ከደጅ ወደ ማዕድ

ጥሬ የሚበላውን ቅጠል አንድ በአንድ ለያይታችሁ፣ በሚፈስ ንጹህ ውሃ እያሻችሁ እጠቡ። ወስፋትን ጨምሮ የትላትል እንቁላል በዋናነት የሚወገደው በማሸትና በውሃው ነው። ኮምጣጤና ሎሚ ለጣዕም ጥሩ ናቸው፣ ጀርም ለማጥፋት ግን በእነሱ አትተማመኑ። ሽታና ቀለም የሌለው፣ 5 በመቶ ገደማ ጥንካሬ ያለው በረኪና ካላችሁ በ4 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ አድርጋችሁ ለ10 ደቂቃ ዘፍዝፉትና በንጹህ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። ይህም ባክቴሪያን ይቀንሳል እንጂ የወስፋትን እንቁላል አይገድልም። በረኪናና ኮምጣጤ በአንድ ላይ በፍጹም አትቀላቅሉ፣ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ነፍሰ ጡር፣ ትንሽ ልጅና የበሽታ መከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ግን የበሰለውን ቢመርጥ ይሻላል።

ጎመን ስታበስሉ ቀቅላችሁ ውሃውን አትድፉት። ፎሌትና ቫይታሚን ሲ ከውሃው ጋር ይሄዳሉ። በትንሽ ውሃ ከድናችሁ ለአጭር ጊዜ አብስሉት።

የደም ማነስ ያለባችሁ፦ በቅጠል ውስጥ ያለው አይረን በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ሎሚ ጠብ ካደረጋችሁበት፣ ወይም ከቲማቲምና ቃሪያ ጋር ከበላችሁት በተሻለ ይገባል። ሻይና ቡና ግን ያግዱታል፤ ከምግብ በኋላ ቢያንስ 1 ሰዓት ቆዩ። (የሻዩ ነገር ይኼ ነበር!) የደም ማነስ ምክንያቱ ብዙ ስለሆነ ጎመን እየበላችሁ ምርመራውን አትተዉት፤ የታዘዘላችሁን ክኒንም አታቋርጡ።

8. እነዚህ ሰዎች ግን ይጠንቀቁ

👉 ዋርፋሪን የምትወስዱ፦ ጎመንና ቆስጣ ቫይታሚን ኬ ስላላቸው የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳሉ። ተዉ ማለቴ አይደለም፤ በየሳምንቱ የምትበሉት መጠን ተመሳሳይ ይሁን፣ ለሐኪማችሁም ንገሩ። በተለይ ጾም ሲገባ የጎመኑ መጠን በአንዴ እንዳይጨምር።

👉 የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ፦ ቆስጣና ቲማቲም ፖታሲየም አላቸው። መጠኑን ከሐኪማችሁ ጋር ወስኑ። የኦክሳሌት ጠጠር የነበረበት ሰውም ቆስጣ ያሳንስ።

👉 ነፍሰ ጡሮች፦ አፈር ስትነኩ ጓንት አድርጉ፣ ከዚያም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ከድመት ዓይነ ምድር የሚመጣ ቶክሶፕላዝማ የተባለ ተህዋስ ጽንስ ይጎዳል። ጤና አዳምም ጨምቃችሁ ወይም አፍልታችሁ አትጠጡ፣ በብዛት ሲወሰድ ለማኅፀን አደገኛ ነው።

👉 ጤና አዳም የምትቆርጡ ሁሉ፦ ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ከ1 እስከ 2 ቀን ባለ ጊዜ ውስጥ እንደ ቃጠሎ ውሃ ይቋጥራል። ወዲያው ታጠቡ።

9. እሾህ፣ ሚስማርና መንጋጋ ቆልፍ

የመንጋጋ ቆልፍ ወይም ቴታነስ ጀርም አፈርና ፍግ ውስጥ ይኖራል። ጓንትና የተሸፈነ ጫማ ተጠቀሙ። ከተወጋችሁ በሚፈስ ውሃና በሳሙና በደንብ እጠቡት። ቡና፣ አመድ፣ ጭቃ አታድርጉበት። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እናቶች በእርግዝና ክትትል ወቅት ስለሚከተቡ ብዙዎቹ ጥበቃ አላቸው። ወንዶች፣ እናንተ የመጨረሻውን የቴታነስ ክትባት የወሰዳችሁት መቼ ነው? ካላስታወሳችሁ ጠይቁ።

10. መርዝ ከተጠጣ ወይም ከፈሰሰ

ይህን ክፍል ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙት።

👉 መጀመሪያ ራሳችሁን ጠብቁ፤ ጓንት ከሌለ እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ። ሰውየውን ንጹህ አየር ወዳለበት አውጡት።

👉 የነካውን ልብስ አውልቁ፣ ቆዳውን በብዙ ውሃና ሳሙና እጠቡ። ዓይን ከነካ በንጹህ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ።

👉 እንዲያስታውክ አታስገድዱ። ወተት፣ ዘይት፣ ሎሚ፣ የጨው ውሃ አታጠጡ። ወደ ሳንባ ገብቶ ሊያንቀው ይችላል፣ ጊዜም ያባክናል።

👉 ራሱን ከሳተ ወይም ካንቀላፋ በጎኑ አስተኙት።

👉 የመርዙን ዕቃ ይዛችሁ ኑ። ማርከሻውን የምንመርጠው በእሱ ነው።

👉 ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ፣ ካልተቻለ ባገኛችሁት መኪና ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ሂዱ። "ደህና ይመስላል" ብላችሁ እንዳትቀመጡ፤ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላም ሊመጣ ይችላል።

ለማጠቃለል፦ ንጹህ ዕቃ፣ ጤናማ አፈር፣ የማይሸት ውሃ፣ ተባይን በእጅና በሳሙና፣ መርዝ ከቤት ውጪ። በቃ ይኼው ነው።

ያቺ እናት ከወራት በኋላ ልጁን ለክትትል ይዛው መጥታ ነበር። "አሁንስ ተከልሽ?" አልኳት። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ። በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ቅጠሉ እዚህም እዚያም የተበሳ ጎመን፣ አጠገቡም ልጁ ውሃ እያጠጣ። "ተባዩ ትንሽ ይበላዋል ዶክተር፣ የቀረውን እኛ እንበላለን" አለችኝ።

እናንተስ በዚህ ወቅት ምን ተከላችሁ? በኮሜንት ጻፉልኝ፣ ፎቶም ላኩ። ጥያቄ ካላችሁ በሚቀጥለው ሳምንት እመልሳለሁ። ትንሽ ልጅ ላለው ወዳጃችሁ ደግሞ ቢያንስ 6ኛውንና 10ኛውን ክፍል ሼር አድርጉለት።

ጎመን በጤና! መልካም የአበባ ወቅት።